ጠገራ ከመሸጡ በፊት፦ የባለሙያ ምዘና ለየትኛው ይገባል?

በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች ከአያት የተወረሰ ጠገራ የሚሸጥ ሰው፣ አስቀድሞ በውጭ ሀገር መዛኝ ደረጃ ማስወጣቱ ሁልጊዜ አያተርፈውም። የማርያ ቴሬዛ ብር እ.ኤ.አ. 1780 የሚለውን ቀን እንደያዘ ከዚያ በኋላም ተደጋግሞ ተመትቷል፤ የአብዛኛው ዋጋ በውስጡ ካለው 23.4 ግራም ያህል ንጹሕ ብር ብዙም ስለማይርቅ የምዘናው ክፍያ ትርፉን ይበላዋል። በፓሪስ የተመታው፣ 1887 ዓ.ም. የተጻፈበት የዳግማዊ ምኒልክ ብር ግን ምስሉና ጽሑፉ ካልጠፋ በክብደቱ ብቻ ለአንጥረኛ ሊሸጥ አይገባም፤ ምዘና የሚገባው እርሱ ነው። ሆኖም አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣትን ስለሚከለክል፣ ከመላክ በፊት የቅርስ ባለሥልጣንን መጠየቅ ግድ ነው። እስከዚያው ድረስ ብሩን በአመድም ሆነ በሎሚ አለመፈተግ ይበጃል፤ በፍተጋ የተነካ ገጽ በሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋው ይወድቃልና።