የአባት ደመወዝ የልጁን በር አይዝጋ

ጂዛን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲመሠረት የደቡብ ከተሞች ልጆች ለከፍተኛ ትምህርት ርቀው የመሄድ ሸክማቸው ቀለለ። የሳዑዲ ዜጋ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በነፃ ይማራል፤ ወርኃዊ ድጎማም ይሰጠዋል። የ2019ኙ የዩኒቨርሲቲዎች ሕግ ግን ነፃ ዕድል ያላገኘ የውጭ ዜጋ እንዲከፍል ይፈቅዳል።

ክፍያ በራሱ በደል አይደለም፤ የመንግሥት ሀብት ወሰን አለው። ሆኖም እዚሁ ተወልዶ በዓረብኛ የተማረ፣ ሁለተኛ ደረጃን በከፍተኛ ውጤት የፈጸመ የሾፌር ልጅ በአባቱ ደመወዝ ማነስ ደጅ ሊቀር አይገባም። የመዲና እስላማዊ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1961 ከተመሠረተ ወዲህ ከብዙ አገሮች ለሚመጡ ተማሪዎች ነፃ ትምህርትና ማደሪያ ሲሰጥ ኖሯል። ይህ በጎ ልማድ ለነዋሪው ልጅም ቢሰፋ፣ ክፍያውም እንደ ወላጅ ገቢ ቢመጠን መልካም ነው።

እኛም ለሠርግ እንደምናዋጣ ሁሉ ለተማሪ እናዋጣ። የመጀመሪያው ወሕይ «አንብብ» የሚል ትእዛዝ ነበርና።