መፈልፈያው ቢፈጥን ቡናው ይደርቃልን?

አንድ ድረ ገጽ በስልካችን ላይ ከመታየቱ በፊት ብራውዘሩ ለእያንዳንዱ ርእስ፣ አንቀጽና ሥዕል ቀለሙን፣ መጠኑንና ቦታውን መወሰን አለበት። ይህን የሚያዝዘው ሲኤስኤስ የተባለው የማስዋቢያ ቋንቋ ነው። ኖርዌያዊው ሆኮን ቪዩም ሊ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1994 ያቀረበው ሰርን ሳለ፣ ማለትም በእኛው በፊዚክስ ሰዎች ቤት ነበር።

ችግሩ የሚጀምረው ገጹ ሲሰፋ ነው። 1,000 ክፍሎች ያሉትን ገጽ ከ2,000 የማስዋቢያ ደንቦች ጋር አንድ በአንድ እናስተያይ ብንል 2 ሚሊዮን ጥያቄ ይወጣል። መሐንዲሶች ይህን ለማሳጠር ያልሞከሩት ብልሃት የለም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2017 የወጣው ፋየርፎክስ ኳንተም (ስሙ ነው እንጂ ከኳንተም ፊዚክስ ጋር ዝምድና የለውም) የማስዋቡን ሥራ በፕሮሰሰሩ ኮሮች ሁሉ በደቦ ያሠራል። ገጹ እንደ ማሳ ይከፋፈላል፤ ድርሻውን ቀድሞ የጨረሰ ኮር ከዘገየው ባልንጀራው ሥራ ይወስዳል። የማያስፈልጉትን ደንቦች ቶሎ ለመጣል በርተን ብሉም እ.ኤ.አ. በ1970 የቀመረው ማጣሪያ ተጨምሯል፤ ለሚመሳሰሉ ክፍሎችም አንዴ የተሰላው ውጤት ይዋሳል። ሞዚላ ይህን ደቦ በሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋ ሁለት ጊዜ ሞክሮ አልሆነለትም፤ የተሳካለት ረስት በተባለ አዲስ ቋንቋ ነው። እንደ ምሕንድስና ከሆነ ባርኔጣችንን እናነሣለን። ይሁንና ይህ ሁሉ ድካም የሚያሳጥረው የቱን ጊዜ ነው?

ለዚህ መልሱ ይርጋጨፌ ይገኛል። እሸት ቡና በመፈልፈያ ማሽን ለመላጥ ሰዓታት ይበቁታል፤ በገንዳ ውስጥ ለመብላላት አንድ ሁለት ቀን ይቆያል፤ ከታጠበ በኋላ ግን በአልጋ ላይ ለመድረቅ አሥር ቀንና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። መፈልፈያው ስምንት እጥፍ ቢፈጥን ቡናው የሚጫንበት ቀን ያው ነው። ጂን አምዳል እ.ኤ.አ. በ1967 ለኮምፒዩተር ሰዎች ያስገነዘበው ሕግ ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ከጠቅላላው ሥራ ትንሹን ክፍል የቱንም ያህል ብናፈጥን የምናተርፈው ከዚያው ትንሽ ክፍል አይበልጥም።

ዛሬ የአንድ ተራ ድረ ገጽ ክብደት ከ2 ሜጋባይት ያልፋል። ኔትወርክ በደከመበት ሰዓት ይርጋጨፌ ያለ ተማሪ በሴኮንድ 200 ኪሎቢት ቢደርሰው፣ 2 ሜጋባይት ለማውረድ 80 ሴኮንድ ይጠብቃል። ማስዋቡ በዚህ ላይ ግማሽ ሴኮንድ ቢጨምርና ደቦው ያንን ግማሽ ሴኮንድ ፈጽሞ ቢያጠፋው፣ ተማሪው ያተረፈው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ከጥቅሉ የሚቀነስበት ግን እያንዳንዱ ሜጋባይት ነው።

ጥፋቱ የብራውዘር ሠሪዎቹ አይመስለንም፤ እነርሱ ሌላው የጻፈውን ገጽ ማሳየት ግዴታቸው ነው። ማሳው ስለሰፋ ደቦ ተጠራ፤ ደቦ ስለተገኘ ደግሞ ማሳው ይሰፋል። እኛ ዘንድ ሲመጣ ነገሩ ይብሳል። በሺህ የሚቆጠሩ ደንቦች ያሉት ዝግጁ ቴምፕሌት ይወሰድና ከመቶ የማይበልጡት ሥራ ላይ ይውላሉ። ስልኩ የግእዝ ፊደል እያለው ገጹ ሌላ የፊደል ቅርጽ ያወርድበታል። ከላይ ደግሞ ማንም ቆሞ የማያያቸው ተንሸራታች ፎቶግራፎች ይደረደራሉ። በአንጻሩ የ12ኛ ክፍል ውጤት በአጭር የጽሑፍ መልእክትም ሲገለጽ እናውቃለን። አንድ መልእክት 140 ባይት ነው፤ ባለ 2 ሜጋባይቱ ገጽ ከ14,000 መልእክት ይበልጣል ማለት ነው።

ስለዚህ የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎቻችን፣ በተለይም ለትምህርት ቤት ወይም ለቡና ገበሬዎች ማኅበር ድረ ገጽ ሥሩ የተባላችሁ፣ ቴምፕሌቱን ትታችሁ ከባዶ ገጽ እንድትነሡ እንጠይቃለን። ብራውዘሩ የእያንዳንዱን ፋይል ክብደት የሚያሳይ መሣሪያ ስላለው ከፍታችሁ ደምሩት። 20 ኪሎባይት ላይ ብታደርሱት በዚያው ደካማ መስመር 0.8 ሴኮንድ ይበቃዋል። 20 ኪሎባይት ትንሽ እንዳይመስላችሁ። አንድ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ 3 ባይት ይይዛል፤ በእጃችሁ ያለው ይህ ጽሑፍ በሙሉ 10 ኪሎባይት አይደርስም።