ሳይቃጠል በቅጠል

ገበያ የሚቆመው በድንጋይና በስሚንቶ ብቻ አይደለም፤ ሰው ከሰው በመቀራረቡም ነው። ይህን ያላመነ ወደ መርካቶ ወርዶ በሸማ ተራ ይለፍ። ልብስ የሚሸጠው፣ የሚሰፋው፣ የሚሸከመው፣ ለሁሉም ሻይ የሚያቀርበው በጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ናቸው። ገዢው ዋጋው ካልተስማማው ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሻገራል እንጂ ታክሲ አይሳፈርም። ዛሬ የከተማ ፕላን ሊቃውንት «በእግር የሚደረስበት ቅይጥ ማዕከል» እያሉ የሚመኙትን፣ ነጋዴዎቻችን ያለ ዲግሪ ሲሠሩበት ኖረዋል።

ሥፍራው ግን በቅን አሳብ አልተመረጠም። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የፋሺስት ጦር ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ አንሥቶ ወደ ምዕራብ የወሰደው ሐበሻውን ከነጩ ለይቶ ለማኖር ነበር። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተባረረ፤ ገበያው ቀረ። ሕዝቡም ለመለያየት የተሰመረውን ሥፍራ መገናኛ አደረገው።

ይሁን እንጂ መቀራረብ ልክ ሲያጣ መተፋፈግ ይሆናል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በሸማ ተራ የተነሣው እሳት ብዙ ሱቆችን ከነንብረታቸው በላ። የሱቆቹ መጠጋጋትና የመተላለፊያው መጥበብ እሳቱን ሲረዳ፣ ሊያጠፉ የመጡትን አስቸገረ።

እንግዲህ ገበያው ይበተን እንበልን? አይገባም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በጀሞ፣ በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተሠርተው ብዙ ቤተሰብ ጣራ አግኝቷል፤ ይህ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን የብዙው ነዋሪ እንጀራ መሐል ከተማ ስለቀረ፣ ማለዳው በታክሲ ሰልፍ ያልቃል። መኝታን ከሥራ ያራቀ ከተማ ግማሽ ከተማ ነው።

የሚሻለው የሸማ ተራን መቀራረብ ጠብቆ የጎደለውን መጨመር ነው፤ ይኸውም የእሳት አደጋ መኪና የሚያልፍበት መንገድ፣ በቅርብ የሚገኝ ውሃ፣ ለእግረኛና ለተሸካሚ የሚበቃ መተላለፊያ፣ ከታች ሱቅ ከላይ መኖሪያ። ሕንፃው ሲያምር ትንሹ ነጋዴ በኪራይ ውድነት ከተባረረ ግን፣ ገበያው ቆሞ ሳለ ሕይወቱ ሄደ ማለት ነው።

ፕላን አልጎደለንም። ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ በ1948 ዓ.ም. ያቀረቡት ፕላን በከተማይቱ ዙሪያ ሳተላይት ከተሞችን አስቦ ነበር። የ2009ኙ መዋቅራዊ ፕላንም አዲስ አበባ በዋናና በንዑሳን ማዕከሎች እንድታድግ ይላል። የጎደለው መቅደም ነው፤ ሰው ከሰፈረ በኋላ መንገድ መቅደድ እንባ ያስከትላልና።

ስለዚህ ነገ በካርታ ላይ የምትፈርም ወጣት ሹም ሆይ፣ ብዕርህን ከማንሣትህ በፊት ሥፍራውን በእግርህ ዙር፤ ተሸካሚውንና ሻይ ሻጯን ጠይቅ። የት እንደሚጠብና የት እንደሚሰፋ ከካርታው ይልቅ እነርሱ ያውቃሉ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለምክር እንጂ ለሐዘን አልነበረም።