በልብ የሚባዛ ቁጥር

በአርባ ምንጭ ዙሪያ ሙዝ የሚያለማ ገበሬ ብዙ ነው። ነጋዴም ከሩቅ አገር በመኪና እየመጣ በኪሎ መዝኖ ይገዛል። አንዲት እናት 16 ኪሎ ሙዝ አቀረበች፣ የአንዱም ኪሎ ዋጋ 25 ብር ሆነ እንበል። ነጋዴው ቸኩሎ ነበርና «380 ብር ነው» ብሎ ገንዘቡን ዘረጋ። እናቲቱ መጻፍ አልተማረችም፤ አጠገቧ የቆመው ልጅዋ ግን አራተኛ ክፍል ደርሷል። ታዲያ ሒሳቧን የሚጠብቅላት ከእርሱ በቀር ማን አለ?

ልጁ የማባዛትን ሠንጠረዥ እስከ አሥር ድረስ እንደ ዜማ ይወጣዋል። ነገር ግን 16 ጊዜ 25 በዚያ ውስጥ የለም። ዜማውን ብቻ የያዘ ልጅ እዚህ ላይ ዝም ይላል፤ 20 ብርም ከእናቱ እጅ ይቀራል። ቁጥርን መክፈልና መልሶ መግጠም የለመደ ልጅ ግን ኪሎዎቹን በልቡ ሁለት ሁለት አድርጎ ያስራቸዋል። 16ቱ ኪሎ 8 ጥንድ ይሆናሉ፤ የአንዱ ጥንድ ዋጋ 50 ብር ነው። ጥንዶቹን ደግሞ ሁለት ሁለት አድርጎ ቢያስራቸው 4 እስር ይሆናሉ፤ አንዱ እስር 100 ብር ያወጣል። እንግዲህ ሁሉም 400 ብር ነው። አንዱን ቁጥር ሲያጋምስ ሌላውን እጥፍ ስላደረገው፣ ከሙዙም ከገንዘቡም የጎደለ የለም።

ሙዙ 17 ኪሎ ቢሆንስ? 17 ለሁለት እኩል አይከፈልም። ስለዚህ አንዱን ኪሎ ለጊዜው ወደ ጎን ያኖረዋል፤ የ16ቱን 400 ካገኘ በኋላ ያን 25 ይጨምርበታል፤ 425 ይሆናል።

በጋሞ ደጋ፣ በጨንቻ በኩል፣ የዶርዜ ሸማኔዎች በሥራቸው የታወቁ ናቸው። አንድ ሸማኔ 9 ነጠላ፣ እያንዳንዱን በ350 ብር ቢሸጥ፣ ብልህ ልጅ ከዘጠኝ ጋር አይታገልም። 10 ነጠላ እንደ ተሸጠ ቆጥሮ 3500 ይላል፤ ያልተሸጠውን የአንዱን ዋጋ ይቀንሳል፤ 3150 ይቀራል። የከተማይቱም ስም ራሱ ለትምህርት ይሆናል። አርባ ምንጭ ማለት 40 ምንጮች ማለት ነውና፣ ከእያንዳንዱ ምንጭ 12 እንስራ ውሃ ቢቀዳ፣ 4 ጊዜ 12 48 ነው፤ አሥር እጥፉ 480።

ሠንጠረዥ በቃል መያዝ ከንቱ ድካም ነው የሚሉ ሰዎች ተሳስተዋል፤ በ4 ጊዜ 12 የሚደክም ልጅ ወደ 40 ጊዜ 12 አይደርስም። የእጅ ስልክ ይበቃል የሚሉም አሉ። ስልክ የነገሩትን ብቻ ይሠራል፤ በ16 ፈንታ 15 ቢነኩበት ሳያፍር 375 ይላል። ስሕተቱን የሚያየው አስቀድሞ በልቡ የገመተ ሰው ነው።

መምህራንም «ስንት ነው?» ብለው ከማጣደፍ ይልቅ «እንዴት አገኘኸው?» ብለው ቢጠይቁ ይሻላል። የሚያስብ ልጅ ዝምታ ስንፍና አይደለም። በጋሞኛ ቆጥሮ በአማርኛ ቢመልስም ነውር የለበትም።

ያ ልጅም በገበያው መካከል ጥቂት ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያም «ጋሼ፣ ሁለት ሁለት ኪሎ አድርገው ይቁጠሩት» አለ። ነጋዴው ሌባ አልነበረም፤ ቸኩሎ ነበር እንጂ። በጣቱ እንደገና ቆጠረና 20 ብር ጨመረ።