ቢላችን የጎደለው ናይትሮጅን አይደለም

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በቴሌግራም ቪዲዮ ላከልኝ። ፈረንጁ ቢላውን አግሎ ዘይት ውስጥ ነከረና ቀጥሎ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ከተተው፤ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ! «ቲቸር፣ ሶዶ ላይ ይህ ከሌለ ቢላችን መቼም ቢላ አይሆንም ማለት ነው?» ይለኛል።

ናይትሮጅኑማ ባገራችንም አለ፤ የከብት አዳቃይ ባለሙያዎች ይዘውት ይዞራሉ። ግን ልጄ፣ ችግራችን እሱ አይደለም።

ብረት ግሎ በድንገት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ተለውጦ ይጠነክራል። ካርቦንና ክሮሚየም የበዛበት ብረት ላይ ግን ሳይለወጥ የሚቀር ክፍል አለ። ያ ሁሉ ቅዝቃዜ ይህን ቀሪ ለመጨረስ ነው። የእኛ አንጥረኞች የሚቀጠቅጡት ደግሞ የመኪና ባሌስትራ ነው። ካርቦኑ 0.6 በመቶ አካባቢ ስለሆነ ዘይት ውስጥ እንደገባ ለውጡን ከሞላ ጎደል ይጨርሳል። ናይትሮጅን የሚጨምርለት ጥቂት ነው።

ታዲያ ለምን ይዶለዱማል? ለምንስ ይሸረፋል? መዶልዶሙ ብዙ ጊዜ በደንብ ሳይግል ስለተነከረ ነው። በጠራራ ፀሐይ የብረት ቀለም ዓይን ያታልላል። ከአሮጌ ስፒከር ማግኔት አውጡ፤ ወደ 770 ዲግሪ ሲደርስ ማግኔቱ አይዘውም። ከዚያ ትንሽ ጨምሮ ማጋልና ሞቅ ያለ የተቃጠለ ዘይት ውስጥ መንከር ነው። መሸረፉ ደግሞ ከነከሩት በኋላ መልሶ ማሞቅ ስለሚዘለል ነው። 200 ዲግሪ ላይ ሁለት ሰዓት ይቆይ፤ የዳቦ ቤት ምድጃ ይበቃል። የተወለወለው ገጽ ፈዘዝ ያለ የገለባ ቀለም ሲያወጣ ደርሷል። ከጥንካሬው ትንሽ ይቀንሳል፤ እንደ ብርጭቆ መሰበሩ ግን ይቀራል።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ይህን ትምህርት ለዓመታት ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ። አንድም ቀን ግን አንድ አንጥረኛ ወርክሾፓችን ገብቶ እንዲያስተምረን ወይም እንዲማር አልጋበዝኩም። ለምን? ወላይታ ውስጥ ያደገ ሁሉ መልሱን ያውቀዋል። «ዎጋቼ» ብለን ለይተን፣ ጋብቻና ማዕድ ከልክለን ኖረናል። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ ይቅር ብለው በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ነበር። እኛ ግን ስድቡን ወደ ሹክሹክታ አወረድነው እንጂ መች ተውነው?

ለጊፋታ በሬው ታርዶ ቁርጡን በዳጣ ስንበላ፣ ያ ቢላ የማን እጅ ሥራ ነው? ሥራውን አፋችን ድረስ አስጠግተን ሠሪውን ከደጅ እናቆማለን።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ ከጊፋታ በፊት አንድ ቢላ ከአንጥረኛው ግዙ። አትከራከሩት። ስለ ማግኔቱና ስለ ምድጃው አጫውቱት፤ እሱም ከወናፉ ሥር የተማረውን ይነግራችኋል። ኮሌጅ የምታስተምሩ ደግሞ በሩን ክፈቱለት፤ እኔ ያላደረግኩትን እናንተ አድርጉት።

ቢላው 200 ዲግሪና ሁለት ሰዓት ነው የሚፈልገው። ሠሪው ደግሞ አብሮን የሚቀመጥበት ወንበር።