ለጅዳ የሙያ ወረቀት፣ ለፎገራ ማጭድ ብቻ?

ጎበዝ፣ እስኪ እንነጋገር! በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923፣ አረብ አገር ለቤት ሠራተኛነት የምትሄድ ልጅ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰችና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ የያዘች ትሁን ብሎ ነበር። መልካም። የባዕድ ድስት ለማጠብ ወረቀት ካስፈለገ፣ ከደጋ ወርዶ ፎገራ ሜዳ ላይ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ሩዝ ለሚያርመው የቀን ሠራተኛስ ማን አሰበለት?

ወረታን አውቃታለሁ። የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከሉ እዚያው፣ የግብርና ኮሌጁ እዚያው፣ የሩዝ መፈልፈያውም እዚያው ያጓራል። ታዲያ አምስት ክረምት ያረመ ልጅ ስለምን ማሽን አንቀሳቃሽ ወይም ጠጋኝ አይሆንም? መሬት የለው፣ የቀበሌ መታወቂያ የለው፤ በማን ስም ዝርዝር ይግባ? «መጤ» ይሉታል ደግሞ፣ በገዛ አገሩ!

ሳዑዲ በ2006 ዓ.ም. ከመቶ ሺህ በላይ ወገኖቻችንን ጠርዛ ስትመልስ የሥራ ተስፋ ተደርድሮላቸው ነበር። ስንቱ ነው በየመን በኩል ተመልሶ የሄደው!

ሹሞቻችን ሆይ፣ አዲስ ሕንፃ አልጠየቅናችሁም። አጨዳው ሲያበቃ ኮሌጁ ለጥቂት ሳምንት በሩን ይክፈት። መግቢያው የክረምቱ ልምድ ይሁን፤ ፈተናውም ማሽኑ ላይ ይሰጥ።