የምንከፍለው ለድምፁ ነው ወይስ ለሳጥኑ?

ለመዝናኛ አዳራሻችን የድምፅ መሣሪያ ይገዛ የሚለው ሐሳብ ከተነሣ ወዲህ ጓደኞቻችን በሁለት ጎራ ተከፍለው ሲከራከሩ እንሰማለን። አንደኛው ወገን «ከተገዛ አይቀር ስም ያለው የአውሮፓ ዕቃ ይምጣ፤ ውድ ነገር ያለ ምክንያት አልተወደደም» ይላል። ሌላው ወገን «ምን በወጣን! እዚሁ ነቀምቴ መብራቱ የሚያብለጨልጭ፣ 10,000 ዋት የተጻፈበት ሳጥን ሞልቷል» ሲል ይመልሳል። አንዱ በዋጋ፣ ሌላው በዋት ይፈርዳል፤ በጆሮው የፈረደ ግን እስካሁን አላጋጠመንም። ገንዘቡ ከአባላት ኪስ የሚወጣ ስለሆነ ነገሩን ጠለቅ ብሎ መመርመር ይገባል እንላለን።

በመጀመሪያ የ10,000 ዋቱን ጉዳይ እንጨርስ። ባለ 16 አምፔር ሶኬት በ220 ቮልት ቢበዛ የሚሰጠው 3,520 ዋት ነው። ታዲያ ከዚያው ሶኬት የሚመገብ ሳጥን 10,000 ዋት ከየት ያመጣል? በካርቶኑ ላይ የታተመው ቁጥር ለዓይን ጥቅሻ ያህል ጊዜ እንኳ ሊገኝ የማይችል፣ ለገበያ ተብሎ የተፈለሰፈ ቁጥር ነው። በዚያ ላይ ዋት ቢጨመርም ጆሮ እንደዚያው አይጨምርም። ድምፁ እጥፍ የጎላ መስሎ እንዲሰማን ኃይሉ አሥር እጥፍ ያህል መጨመር አለበት። ስለዚህ በ50 ዋትና በ100 ዋት መካከል ያለው ልዩነት ሻጩ እንደሚነግረን አይደለም።

እንግዲህ እውነተኛው ዕቃ ለምን ይወደዳል? የድምፅ ማጉያ አሠራር ምሥጢር የለውም። በማግኔት መካከል የተጠመጠመ ሽቦ የወረቀት ቆብ ይገፋል፣ ቆቡም አየር ይገፋል። ራይስና ኬሎግ የተባሉት የአሜሪካ መሐንዲሶች ይህን መንገድ ለዓለም ካስተዋወቁ (እ.ኤ.አ. 1925) መቶ ዓመት ሞልቶታል። ችግሩ ያለው ወፍራሙ ድምፅ፣ ቤዝ የምንለው ላይ ነው። በሴኮንድ 80 ጊዜ ከሚርገበገበው ድምፅ ወደ 40 ስንወርድ፣ ጉልበቱ እንዳይቀንስ ከተፈለገ መገፋት ያለበት አየር አራት እጥፍ ይሆናል። የከበሮውን ሆድ ድምፅ በትክክል ለመስማት ትልቅ ቆብ፣ ከባድ ማግኔት፣ ሰፊና የማይንቀጠቀጥ ሳጥን የግድ ነው። ሳጥኑ ራሱ ከተንቀጠቀጠ ከዘፋኙ ጋር አብሮ ይዘፍናል፤ ያንን ደግሞ ማንም አልጋበዘውም።

ይህ ሁሉ ክብደት ነው፤ ክብደት ደግሞ ጭነት ነው። ባወርስ ኤንድ ዊልኪንስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው 801 ዲ4 የሚባለው ጥንድ ስፒከር በአሜሪካ 35,000 ዶላር ተተምኖ ነበር። እያንዳንዱ 100 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል ከሰው ሠራሽ አልማዝ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ በዓለም ላይ የሚገዛው ሰው ጥቂት ስለሆነ የጥናቱ፣ የቅርፅ ማውጫውና የሙከራው ወጪ ለጥቂቶች ብቻ ይከፋፈላል። ስልክ ግን ለሚሊዮኖች ስለሚሸጥ ያው ወጪ ለያንዳንዱ ገዢ ሳንቲም ይሆናል። የመደብሩንም ትርፍ አንርሳ፤ በወር አንድ ጥንድ የሚሸጥ ነጋዴ የሱቁን ኪራይ የሚያወጣው ከዚያው ከአንዱ ጥንድ ነው።

አሁን ይኸው ዕቃ በጅቡቲ ገብቶ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ አርፎ፣ ከአዲስ አበባም 330 ኪሎ ሜትር ያህል በአምቦና በባኮ በኩል ተጉዞ ወደኛ ይምጣ እንበል። ከፍተኛው የጉምሩክ ቀረጥ 35 በመቶ ነው። ወደብ ሲደርስ 100 ብር የሆነ ዕቃ በዚህ ምጣኔ ቢቀረጥ 135 ብር ይሆናል። የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ የሚሰላው በመቶው ላይ ሳይሆን በ135ቱ ላይ ነው፤ 155 ብር ከ25 ሳንቲም ይደርሳል። 10 በመቶው ሱር ታክስ ደግሞ በዚህ ሁሉ ላይ ተደርቦ 170 ብር ከ78 ሳንቲም ገደማ ያደርሰዋል። የቀረጥ ቀረጥ ማለት ይህ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። አንድ ዶላር በ100 ብር ብቻ ብንይዘው እንኳ ያ ጥንድ ስፒከር 3.5 ሚሊዮን ብር፣ ቀረጡ ሲታከልበት ወደ 6 ሚሊዮን ብር ይጠጋል። ስንት የተማሪ ቁርስ እንደሚሆን አንባቢ ያስላው።

«ቢሆንም ድምፁ ይለያል» ለሚሉን ወንድሞቻችን፣ አዎን፣ እስከ አንድ ደረጃ ይለያል። ከዚያ በኋላ ግን ዓይን ጆሮን ያታልላል። ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት፣ አድማጮች ስፒከሮቹን እያዩ የሰጡት ፍርድና ሳያዩ የሰጡት ፍርድ ተለያይቶ ተገኝቷል። ሲያዩ ለትልቁና ለባለ ስሙ ያደሉ ነበር፤ ሲሸፈን አድልዎው ቀለለ። በሽቦ ላይ የሚደረገው ንግድማ ከሁሉም የባሰ ነው። ለቤት ሶኬት የሚዘረጋው ባለ 2.5 ካሬ የመዳብ ሽቦ፣ አምስት ሜትር ደርሶ ሲመለስ የሚያሳየው ተቃውሞ 0.07 ኦም ያህል ነው። ከስፒከሩ 8 ኦም አንጻር አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። በሐር ተሸፍኖ በሺህ ዶላር የሚሸጠው ሽቦ ከዚህ የበለጠ ምን ይሠራ ይሆን?

የምናዳምጠውንም እናስብ። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ማሳተም ከጀመራቸው ሸክላዎች አንሥቶ ብዙው የምንወደው ዘፈን ወደኛ የደረሰው ካሴት ከካሴት እየተገለበጠ ነው። በግልበጣ የጠፋውን ድምፅ አልማዝም አይመልሰውም። ክፍሉም ድርሻ አለው። እዚህ ጨለለቂ ተከራይተን በምንኖርበት ጠባብ ቤት ትንሽ ሳጥን ጥግ ላይ ሲቀመጥ ቤዙ ከበቂ በላይ ይሆናል። ባዶ የሲሚንቶ አዳራሽ ውስጥ ግን ማናቸውም ዕቃ ያስተጋባል፤ ስለዚህ ከመዋጮው ጥቂቱ ለወፍራም መጋረጃ ይዋል።

የኛ ሐሳብ ይህ ነው። ከውድ ዕቃ ውስጥ ከባዱና ለማጓጓዝ አስቸጋሪው ሳጥኑ ነው፤ ሳጥን ደግሞ ነቀምቴ የሚያቅታት ሥራ አይደለም። ቆቡና ማግኔቱ ብቻ ከውጭ ይምጣ፤ አነስተኛ አምፕሊፋየርም ዛሬ በመጠነኛ ዋጋ ደኅና ሆኖ ይገኛል። የምህንድስና ተማሪዎቻችን የሳጥኑን ስፋት ከቆቡ ጠባይ ጋር አስልተው ያውጡ፤ ከከተማው የእንጨት ሥራ ቤቶች አንዱ ወፍራም ኮምፔንሳቶ በኮላና በቪቴ አጥብቆ ይግጠመው፤ ውስጡ በጥጥ ይሞላ። ሥራው ሲያልቅ በዋት የሚፈርዱት ጓደኞቻችን የሚያብለጨልጨውን ሳጥን፣ በዋጋ የሚፈርዱትም የሚያደንቁትን ባለ ስም ዕቃ ከሚያውቁት ሰው ተውሰው ያምጡ። ሦስቱንም ከዚያው ከምንገዛው መጋረጃ ጀርባ አስቀምጠን፣ ጉልበታቸውን አስተካክለን፣ አንድ ዘፈን እናሰማና አባላት በወረቀት ድምፅ ይስጡ። ግዢው ከቆጠራው በኋላ ይወሰን።